አልጋዬን ያስለቀቀኝ ኮሰረት

አያት፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለኤርሳዶ የበኩር ልጅ፣ ለምወድሽ ለሮዳስ፣

አዲሱን ዓመት ጌታ የዕረፍትና የፍሬ ያድርግልሽ። በእንግዳ አገር ፊቱን ያብራልሽ፤ መውጫና መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። እኔ አክስትሽ ገንዘቤ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ ጌታን ያመሰግናል።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። አባትሽ «ስልክ እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ ስቆብኛል። በስልክ ስንገናኝ ግን አንቺ «ደህና ነኝ አክስቴ፣ ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ በዚያው እንለያያለን። ወረቀት አይቆራረጥም። እኔ እጽፋለሁ፣ ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሉላ የምትባል የባንክ ሠራተኛ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንደዚሁ ላኪልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ገርጂ ያለው ቤቴ ለመንገድ ሲፈርስ ወደዚህ ወደ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። ከግቢዬ ምንም ይዤ መውጣት አልቻልኩም፤ ቅመሞቼን ግን አልተውኩም። ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን፣ የጥብስ ቅጠሉን በባልዲና በእርጎ ዕቃ ተክዬ በረንዳዬ ላይ ደረደርኳቸው። ሁለት ዓመት ደህና ኖሩ። በነሐሴ ግን ያጠጣሁት ውኃ ሉላ ባሰጣችው ነጭ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ሸሚዙን ይዛ ወጣች። «እማማ፣ ነገ ይህን ለብሼ ነበር ቢሮ የምገባው» አለችኝ። የጭቃው መስመር ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ወርዷል። ሸሚዙን አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩላት። እሷም ይቅር አለችኝ፣ ነገሩ ግን የነዋሪው ኮሚቴ ጆሮ ገብቶ ኖሮ የብሎካችን ሊቀ መንበር አቶ ወልደጊዮርጊስ «ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ምንም ዓይነት ተክል አይቀመጥም» የሚል ወረቀት በየበሩ ለጠፉ። እንግዲህ ከሳሼም ፖስተኛዬም ሉላ ናት።

ተክሎቹን ወደ ሳሎን አስገባኋቸው። ይኸው አንድ ወር ሆናቸው። በሶብላው አንገቱ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ወደ መስኮቱ ተንጋዷል። ኮሰረቱ ቅጠሉን እያራገፈ ነው። ይህ ኮሰረት አገራችን ሌሞ ካለው ከሴት አያቴ ጓሮ የመጣ ነው፤ የአባትሽም አያት ናቸው። እናቴ ስዳር ሰጠችኝ። የዘመዶቻችን ቅቤ ሁሉ የተነጠረው በእሱ ነው። አገር ቤት ያለው ጓሮ ዛሬ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ይህ አንዱ ከሞተ አለቀ ማለት ነው።

አንቺ ስለ ተክል ሁለተኛ ዲግሪ የምትማሪ ነሽ። ተክል ቤት ውስጥ መኖር ይችላል? አስተማሪዎችሽን ጠይቂና ጻፊልኝ።

አክስትሽ ገንዘቤ ላጲሶ

---

ሆላንድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ገንዘቤ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጉልበትዎን ጌታ ያጽናልዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የእጅ ጽሕፈትዎን አይቼ ቆሜ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱም ደህና ነው።

ስለ ተክሎቹ ብዙ አይጨነቁ። ትንሽ ገንዘብ ልላክልዎና ሾላ ገበያ የደረቀውን ይግዙ፤ አሁን በሱፐርማርኬትም ታሽጎ ይሸጣል። አራተኛ ፎቅ ድረስ አፈርና ውኃ መሸከም ለእርስዎ ከባድ ነው።

ልሞክር ካሉ ግን የሚከተለውን ያድርጉ። በመጀመሪያ ዕቃዎቹን ሁሉ ከሥራቸው በጋለ ሚስማር ይብሷቸው። ከሥር ሳህን ያኑሩ። ውኃውን ከላይ አያፍስሱ፤ ሳህኑ ላይ ያድርጉት፣ አፈሩ ከታች ወደ ላይ ይጠጣዋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ጤና አዳም ግን እርጥበት አይወድም፤ አፈሩ ሳይደርቅ ደግመው አያጠጡት።

በሶብላው የገረጣው ብርሃን አጥቶ ነው። ለዓይን ብሩህ የመሰለ ክፍል ለተክል ጨለማ ሊሆን ይችላል። የትኛው መስኮት ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ይከታተሉና ይጻፉልኝ። የበሶብላውን ጫፍ ከሁለት ቅጠል በላይ ይቀንጥሱት፤ በጎን ይዘረጋል።

የእርስዎ ሮዳስ

---

አያት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮዳስ፣

ብርታት እንደ ማለዳ ጤዛ ይውረድልሽ። ስለ መልስሽ ጌታ ይባርክሽ። አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። ገንዘብ አትላኪልኝ። እኔ ገንዘብ አልጠየቅኩሽም፤ የጠየቅኩሽ ዕውቀት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ከረጢት ውስጥ የከረመ በሶብላ ድስቴ አልገባም፤ በስልሳ አራት ዓመቴ አልጀምርም።

ያልሽኝን አደረግሁ። ጠመኔ ገዛሁና ፀሐይ ወለሉ ላይ የደረሰችበትን ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ አሰመርኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ። ሳሎኑ ምንም የለውም፤ መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ኩሽናው በጠዋት ትንሽ ያገኛል። መኝታ ቤቴ ግን በደቡብ በኩል ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ፀሐይ ይሞላል። የት ላይ መሰለሽ? ትራሴ ላይ! ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይዋን ለባዶ አልጋ ሳበላት ኖሬያለሁ።

ስለዚህ አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣሁ። መኝታ ቤቱን ለቅመሞቹ ለቀቅሁላቸው። ቁም ሣጥኑን ገፋሁ፣ የድሮ መጻሕፍት መደርደሪያዬን መስኮቱ ሥር አቆምኩ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀባሁ። ሉላና እኔ አልጋውን በበሩ ስናወጣ አባትሽ ከወሎ ሰፈር ሱቁን ዘግቶ ሊጠይቀኝ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አየን።

«ገንዘቤ፣ ምን ነካሽ? ሰው ሳሎን፣ ቅጠል መኝታ ቤት ይተኛል?»

«ፀሐይ የምትገባው እዚያ ነው።»

«ለአንቺስ ፀሐይ አያስፈልግሽም?»

«እኔ እግር አለኝ፣ ወጥቼ እሞቃለሁ። እነሱ የት ይሄዳሉ?»

እየሳቀ ኮቱን አውልቆ የአልጋውን ራስጌ ያዘልን። ይህን ሁሉ ያዘዝሽው አንቺ መሆንሽን ስነግረው ግን ደረቱ ተነፋ። «ዶክተሯ ልጄ ናት ያዘዘችው» ብሎ ለሉላ ነገራት። ገና ዶክተር እንዳልሆንሽ ባውቅም አላረምኩትም። ያንቺን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ከመኪና መለዋወጫው በላይ ሰቅሎታል።

በሶብላውና የጥብስ ቅጠሉ አንሰራርተዋል። ኮሰረቱ ግን እየባሰበት ነው። ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ አረንጓዴ ቀርቷል፤ ሥሩ የበሰበሰ ይመስለኛል፣ አፈሩ መጥፎ ሽታ አለው። ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ገንዘቤ

---

ሆላንድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ሥሩ ከሸተተ እናትየዋን ማዳን አይቻልም። ልጆቿን እናድን።

ቢላዎን በአልኮል ይጥረጉ። ከሦስቱ ቅርንጫፎች አንድ ጣት የሚያህሉ ቁራጮች ያውጡ። ግንዱን በጣትዎ ያጥፉት፤ ከተልፈሰፈሰ ገና ለጋ ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ እንጨት ሆኗል። የሚፈልጉት መሃለኛውን ነው፤ ታጥፎ ቀስ ብሎ የሚመለሰውን። ከቅጠሉ አንጓ ሥር በአንድ ምት ይቁረጡት፤ አያመላልሱት፣ ግንዱ ይቀጠቀጣል። የታችኞቹን ቅጠሎች ያራግፉ፣ የላይኞቹን ሁለቱን በግማሽ ይቁረጧቸው። እኩል አሸዋና አፈር ያዋህዱና በውኃ ያርሱት፤ ጨብጠው ሲጨምቁት አንድ ጠብታ ብቻ ከወጣ በቂ ነው። በእርሳስ ቀዳዳ አበጅተው ይትከሉት። የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጠው ይድፉበት። ቀጥተኛ ፀሐይ አያሳዩት። በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ ገልጠው ያናፍሱት። በምንም ምክንያት ሥር አወጣ ወይ ብለው አይንቀሉት! ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንድ ወር ይታገሱ። አዲስ ቅጠል ሲመጣ ሥር አለ ማለት ነው።

ሌሎቹን ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ ጫፋቸውን በመዳፍዎ ይዳብሷቸው። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ግንዳቸው ይሰንፋል፤ እጅ እንደ ነፋስ ይሆንላቸዋል። እኛ ጋ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ስንገባ መጀመሪያ የምናደርገው ይህን ነው። በሶብላ ብዙ ሲቀነጠስ ጣት ያጠቁራል፤ ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ሎሚ ይጠቀሙ።

አልጋዎን ማውጣትዎን ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። በርቱልኝ።

ሮዳስ

---

አያት፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮዳስ፣

ድካምሽን የሚያይ አምላክ ደመወዝሽን ይክፈልሽ። እልል በይ! ዘጠኝ ቆርጬ ተክዬ ነበር። አምስቱ ጠቆሩ። አራቱ ግን በሠላሳ አራተኛው ቀን ስንዴ የምታህል አዲስ ቅጠል አወጡ። ሉላን ስጠራት በሌሊት ልብሷ ነው የወጣችው፣ ሁለታችንም መነጽራችንን አድርገን ጎንበስ ብለን አየናቸው። እናትየዋ ኮሰረት ሞታለች። አላዘንኩም፤ ዘሯን ተክታ ነው የሄደችው።

ሌላም ወሬ አለኝ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ሊፈትሹኝ መጡ። አንድ ሰው «ገንዘቤ ቤት ውስጥ ጫካ አለ፣ ወለሉ ይፈርሳል» ብሎ ነግሯቸዋል። ጡረታ የወጡ የሕንፃ ቀያሽ ናቸው፤ ሜትራቸውን ይዘው ገቡ። እያንዳንዱን ሳህን አነሱ፣ ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ከዚያ ወርደው የሉላን ጣሪያ አዩ። ጠብታ የለም። ተመልሰው መጡና ደጃፌ ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ ገንዘቤ፣ የከለከልነው በረንዳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ አልተከለከለም።»

«አውቃለሁ አቶ ወልደጊዮርጊስ። ወረቀትዎን አንብቤዋለሁ።»

ሜትራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለቤቴ ጤና አዳም ትወዳለች። አንድ ፍሬ ችግኝ ይተርፍዎታል?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጎረቤቶቻቸው አዩ። አሁን ከእኛ መግቢያ አሥራ አንድ ቤት ቅመም ተክሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ እኔ ጋ ይሰበሰባሉ፤ አንቺ የጻፍሽልኝን አነብላቸዋለሁ። ፀሐይ የማያገኙት ቤቶች ነጭ አምፖል ከተክሉ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ሰቅለዋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማሰሮውን ተሸክመው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ መኝታ ቤቴ ሆስፒታል ይሆናል። ሸይማ የምትባል ከአምስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ «ይቺ መምህርት ማን ናት?» አለችኝ። «የእኛ ልጅ ናት» አልኳት። እንዴት እንደኮራሁ!

አባትሽ የምረቃሽን ቀን ይጠይቃል። በሰኔ መስሎታል። ለሰው ሁሉ ነግሯል፤ ግብዣ አስቧል። ትክክለኛውን ቀን ጻፊልኝና ልንገረው።

አክስትሽ ገንዘቤ

---

አያት፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮዳስ፣

ከኅዳር ወዲህ ቃልሽን አላየሁም። በስልክም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ሥራ ነው ያልሽው፤ ትምህርት አላልሽም።

ደብዳቤዎችሽን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። የጥቅምቱን ከመጽሐፍ ወስደሽ ልትጽፊው ትችያለሽ። የኅዳሩ ግን የእጅ ነው። ግንድ በጣት ታጥፎ ምን ያህል እንደሚመለስ መጽሐፍ አይናገርም። በአንድ ምት ቁረጪ፣ አታመላልሺ ማለትን የምታውቅ ብዙ ሺህ የቆረጠች ናት። ተማሪ በማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት የት ትገባለች? የጠቆረ ጣት ሎሚ እንደሚያስለቅቀው ማን ነገራት? እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሠራተኛ ነበርኩ ሮዳስ። የሠራተኛን እጅ በጽሑፉም አውቀዋለሁ።

ልወቅስሽ አይደለም። አባትሽ ከእኔ አንዲት ቃል አልሰማም፤ አንቺ ካልፈቀድሽም አይሰማም። ግን የተደበቀ ነገር ብርሃን እንዳጣው በሶብላዬ ነው፤ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጉልበት ግን የለውም። በመስኮቱ በኩል አውጪው። እኔ እዚህ ነኝ።

ጌታ አፍሽን ይክፈትልሽ።

አክስትሽ ገንዘቤ

---

ሆላንድ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናት ያህል ለሆኑኝ አክስቴ፣

ሰላም ይብዛልዎ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

እውነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ትምህርት ወደቅሁ። ደግሜ ተፈተንኩ፣ አልሆነም። የነፃ ትምህርት ዕድሉም ተቋረጠ። ልመለስ ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር። ግን ስሸኝ የነበረውን አሰብኩ፤ ያ ሁሉ ምእመን እጁን ጭኖ ጸልዮልኝ፣ አባቴ ድንኳን ተክሎ። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ እንኳ ለማያውቀው ሰው «ልጄ ናት» ሲል ነበር። ባዶ እጄን ምን ብዬ እወርዳለሁ? አንዲት ጓደኛዬ ለአንድ ወር ብላ ቅመም የሚያመርት የመስታወት ቤት አስገባችኝ። በሶብላ፣ ናና፣ ድንብላል፣ የጥብስ ቅጠል። በጋም ሆነ በክረምት በመብራት ይበቅላል። አንዱ ወር አሥራ አራት ወር ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ማሸግ ብቻ ነበር ሥራዬ። አንድ ጠዋት ከማሸጊያው መስመር ላይ አንድ ማሰሮ አነሳሁና ቅጠሉን ገለበጥኩ። ጀርባው ላይ አመድ የመሰለ፣ ከተክል ተክል የሚዛመት ሻጋታ አየሁ። አለቃዬን ጠራሁት። «ከላይ ንጹሕ ነው እኮ» አለኝ። «ከላይ አይታይም፣ ጀርባውን እይ» አልኩት። አየና ሮጠ። በዚያው ቀን ሁለት ረድፍ ተነቅሎ ተቃጠለ፤ የቀረው ቤት ሁሉ ዳነ። ሲረጋጋ «ቅጠል መገልበጥ የት ተማርሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ገርጂ ልጅ ሆኜ በሶብላ ቀንጥሺ ብለው ሲልኩኝ፣ ጀርባውን ሳላሳይዎ ወጥ ቤት አያስገቡኝም ነበር። «አክስቴ ጋ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ችግኝ ቤቱን ሰጡኝ። አሥራ አንድ ሰዎች ከእኔ ጋር ይሠራሉ፤ መቁረጥ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የሥራ ፈቃዴንም እነሱ አስጨርሰውልኛል። አክስቴ፣ ሥራው አያሳፍረኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኮራበታለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት የሚቀበለኝን ሽታ ለምንም አልለውጠውም። የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ ነው። ያ ግን እንዳልተከፈለ ዕዳ በየወሩ እያደገብኝ ሄደ፤ የእርስዎ ደብዳቤዎች ሲመጡ ደግሞ የማውቀውን መደበቅ አቃተኝ። ተክል ሊሞት ነው ሲሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለአባቴ የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። እርስዎ አይንገሩልኝ፤ እኔው ጽፌዋለሁ፣ እርስዎ ፊት ያንብበው ብቻ። ቀኑን እርስዎ ይምረጡ። ቢቆጣም መቆጣቱ ልክ ነው።

የእርስዎ ሮዳስ

---

አያት፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎበዟ ልጄ ለሮዳስ፣

ከሞት የተነሣው ጌታ ልብሽን ያሳርፈው። እንዳዘገየሁ አውቃለሁ። ሐሳብ ውስጥ እንደከተትኩሽም አውቃለሁ። ፋሲካ እስኪያልፍ ጠብቄ ነው፤ የተራበም የተቆጣም ሰው ደብዳቤ አያነብም።

በበዓሉ ማግስት አባትሽ መጣ። በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ያለበት ክትፎ አቀረብኩለት፤ ከአዲሶቹ አራት ችግኞች የመጀመሪያው ቅጠል ነበር። ጠግቦ እጁን ሲታጠብ ደብዳቤሽን ሉላ በወረቀት አትማልኝ ነበርና ሰጠሁት። መነጽሩን ረስቶ መጥቷል፤ የእኔን አደረገ። መኝታ ቤቱ ብርሃን ስላለው እዚያ ገብቶ በሶብላው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አነበበ። ሁለቴ አነበበው። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ታውቂ ነበር?»

«በራሴ ደረስኩበት። እሷ አልነገረችኝም።»

«አሥራ አራት ወር፣ ገንዘቤ! አሥራ አራት ወር ለሰው ዶክተር ናት እያልኩ! አሁን ምን እላለሁ? አፈር ትቆፍራለች ልበል? እኔ ከሌሞ በእግሬ የመጣሁት ልጄ አፈር እንዳትቆፍር ነው!»

«አፈር ነው ያሳደገህ።»

«ለዚያ ነው የማውቀው!» ብሎ ጮኸብኝ።

እኔም ተናደድኩ ሮዳስ፤ አልዋሽሽም። እጁን ይዤ መልሼ አስገባሁት። «ይህን እይ» አልኩት። «ይህን ክፍል ያዘዘችው እሷ ናት። የአያታችንን ኮሰረት ከሞት ያወጣችው እሷ ናት፤ ከባሕር ማዶ፣ በወረቀት። ከዚህ በታችና ከዚህ በላይ ያሉት አሥራ አምስት ቤቶች የሚበሉት የእሷን ትምህርት ነው። ዶክተሮች ምን ያህል ሰው እንዳስተማሩ አላውቅም። ይቺ ግን ያስተማረችውን በየመስኮቱ ማየት ትችላለህ። ዋሽታሃለች፣ እሱን ቅጣት። በሥራዋ ግን በእኔ ፊት አትፈር።»

ቡናም አልጠጣም። ኮቱን ይዞ ወረደ። አምስት ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳም። በየቀኑ ጸለይኩ፤ በሦስተኛው ቀን ተጸጸትኩ፣ በአራተኛው ቀን መልሼ ተናደድኩ።

ትናንት ቅዳሜ ሴቶቹ እኔ ጋ ተሰብስበው ሳለ ታች የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ሸይማ በመስኮት አየችና «እማማ ገንዘቤ፣ ወንድምሽ ፒክአፕ ሙሉ ጀሪካን ይዘው መጥተዋል!» አለችኝ። ሮጬ ወረድኩ። አባትሽ ከወሎ ሰፈር ሬስቶራንቶች ባለ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ሲሰበስብ ከርሞ ኖሯል። አሳጥቦ፣ ከጎረቤቱ ጋራዥ አስቆርጦ፣ ሥሩን በመሰርሰሪያ አስበስቶ። ስድሳ ናቸው። ቀዳዳው ሁሉ እኩል ነው፤ አምስት አምስት።

«ሚስማር አግለሽ እየበሳሽ እንደሆነ አየሁ» አለኝ። «ይህ ይሻላል።»

ራሱ ተሸክሞ አራት ፎቅ አመላለሰ። ሰው ሊያግዘው ሲል እንቢ አለ። ሴቶቹ ፊት ላቡን እየጠረገ ቆመና ቅዳሜ ምን እንደምናደርግ ጠየቀ። የኅዳሩን ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው፤ እሱ ሰምቶት አያውቅም ነበር። «ታጥፎ ቀስ ብሎ የሚመለሰውን» የሚለው ጋ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቷን ነው» አለ፤ «እናቴ እንዲህ ነበር የምትመርጠው። ለሮዳስ ግን ማንም አልነገራትም።» ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ከሸይማ ጎን ተቀመጠና ቢላ ስጡኝ አለ። ሃምሳ ዓመት ያልነካውን ሥራ አንድም ሳያበላሽ ሠራው።

ሲጨርስ ብዕሬን ወሰደብኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው። እንዳለ ተውኩት።

አክስትሽ ገንዘቤ

«ልጄ ሮዳስ፣ እንደምን አለሽ። አባትሽ ደህና ነኝ። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም በውሸቱ ተቆጥቻለሁ፣ ስትመጪ እንነጋገርበታለን። በሥራሽ አልተቆጣሁም። ጋራዡ ውስጥ ላሉት ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ዶክተር ማለቱን ትቻለሁ። ልጄ በሆላንድ አገር ገበሬ ናት፣ ሦስት ሄክታር መስታወት ቤት በእጇ ነው ብያለሁ። ሦስቱን በግምት ነው ያልኩት። ትክክለኛውን ጻፊልኝ፤ ከሦስት ቢበልጥ ቶሎ ጻፊልኝ። አባትሽ ኤርሳዶ።»